የመዳቡ ራስ ቁርና የፓምፑ ሰው፦ የድሮ ካርቱኖች ጠላቂ



አንድ ካርቱን ሠዓሊ ሰውየው ባሕር ውስጥ መግባቱን በአንድ እይታ ሊያስረዳን ሲፈልግ ምን ይሥላል? ክብ የመዳብ ራስ ቁር፣ ፊት ለፊቱ ፍርግርግ ያለበት መስኮት፣ ከማጅራቱ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚመዘዝ ጎማ፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለ እርሳስ፣ ከመሬት የሚላቀቅ የማይመስል ወፍራም ጫማ። ዕቃውን በሥራ ላይ በዓይኑ ያየ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ምናልባት አንድም የለም። ሥዕሉን ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀዋል። በመስታወት የዓሣ ማርቢያ ውስጥ አረፋ እየተፋ የሚቆመው የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንኳ የለበሰው ይህንኑ ልብስ ነው።

ዛሬ የማወራው ይህ ልብስና ዘመዶቹ፣ ማለትም ስኖርክሉ፣ ማስኩና የአየር ሲሊንደሩ፣ በድሮ ካርቱኖችና በሥዕል ታሪኮች ውስጥ እንዴት እንደታዩ ነው። ርእሱ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን አንድ ነገር ልሟገት መጥቻለሁ፦ በነዚያ ፊልሞች ያሳቁን ቀልዶች አብዛኞቹ የጠላቂዎችን የአደጋ መዝገብ ብንገልጥ እዚያው የምናገኛቸው ናቸው። ሠዓሊው ሞቱን አወጣና ሳቁን አስቀረ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ከልብሱ እንጀምር። ራስ ቁሩ መጀመሪያ የታሰበው ለባሕር አልነበረም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲን በ1823 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ፈጠራ ጭስ የሞላበት ቤት ውስጥ ለሚገባ ሰው የተሠራ ነበር፤ ከውጭ በወናፍ የሚነፋ አየር በቱቦ እየገባ ሰውየውን ከመታፈን ያድነዋል። ቻርልስና ወንድሙ ጆን ይህንኑ ሐሳብ ወስደው ወደ ውኃ ወረዱ። ሆኖም የነሱ ራስ ቁር ከታች ክፍት ነበር። ብርጭቆ ደፍታችሁ ውኃ ውስጥ ብትነክሩ አየሩ ውስጡ ይቀራል፤ ብታዘነብሉት ግን አየሩ ቡልቅ ብሎ ይወጣና ውኃው ይሞላዋል። የነዲን ጠላቂም ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ ደኅና ነው። ጎንበስ ካለ ወይም ከተደናቀፈ ጉድ ፈላ።

ይህን ችግር የፈታው በትውልድ ጀርመናዊ የሆነው የለንደን መካኒክ ኦገስተስ ሲቤ ነው። በ1830ዎቹ መጨረሻ ራስ ቁሩን ከእግር እስከ አንገት ከሚሸፍን፣ ጎማ ከተቀባ የሸራ ልብስ ጋር በብሎን አጥብቆ አገናኘው። አየሩ ከላይ በፓምፕ ይገባል፣ የተቃጠለው አየር ደግሞ ራስ ቁሩ ላይ ባለ ቫልቭ ይወጣል፤ ሠራተኛው ቢንበረከክም ቢወድቅም ውኃ አይገባበትም። ልብሱ በሰፊው የተፈተነው በ1782 በፖርትስማውዝ አጠገብ በሰመጠው ሮያል ጆርጅ በተባለው የጦር መርከብ ላይ ነው። ኮሎኔል ቻርልስ ፓስሊ ከ1839 ጀምሮ ወታደሮቹን እያጠለቀ ስብርባሪውን በባሩድ እያፈነዳ ማውጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የልብሱ መልክ ከመቶ ዓመት በላይ ብዙም አልተለወጠም። ለዚህም ነው በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሣለ ካርቱን ላይ የምናየው ጠላቂ ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ጠላቂ ጋር መንታ የሚመስለው።

ክብደቱን ስትሰሙ ትገረሙ ይሆናል። ሙሉ ልብሱ ከነእርሳሱ 80 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1916 ጀምሮ የተጠቀመበት ማርክ ፋይቭ የተባለው ደግሞ ከዚያም ጥቂት ያልፋል። እያንዳንዱ ጫማ ብቻውን 8 ኪሎ ግራም ያህላል። ካርቱኖቹ ጠላቂውን መርከቡ ላይ እየተንገዳገደ ሲራመድ ሲያሳዩት አላጋነኑም። ይህ ሁሉ እርሳስ ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው፦ አየር የሞላ ልብስ ይንሳፈፋል። ሰውየውን ወደ ታች የሚያወርደው እርሳሱ ነው፤ እላይ መሬት ላይ ሸክም የሆነው ክብደት ታች ሲደርስ ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

አሁን ወደ ፓምፑ ሰው ልምጣ፤ የዛሬው ንግግሬ እምብርት እሱ ነውና። የመዳብ ራስ ቁር ያጠለቀ ሰው ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። ልብሱን የሚያለብሱት ሌሎች ናቸው፤ ብሎኑን የሚያጠብቁት ሌሎች ናቸው፤ የፊቱ መስታወት የሚዘጋው በሰው እጅ ነው። ከተዘጋበት ቅጽበት ጀምሮ የሚተነፍሰው ሌላ ሰው ፓምፑን እስካሽከረከረለት ድረስ ነው። ሌላው ደግሞ ገመዱን ይይዛል፤ ከታች የሚመጣውን መጎተት እየቆጠረ «ደኅና ነኝ» ወይም «አውጡኝ» መባሉን ይለያል። ስልክ ራስ ቁሩ ውስጥ የገባው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የታችኛው ሰው ሕይወት ያለው በላይኛው ሰው ክንድና ትኩረት ላይ ነበር።

ለቀልድ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? ኤርዤ የተባለው ቤልጅጋዊ ሠዓሊ በ1943 በጋዜጣ ያወጣው የቲንቲን ታሪክ፣ «የቀዩ ራካም ሀብት» የሚባለው፣ ቲንቲንን የመዳብ ራስ ቁር አጥልቆ የሰመጠ መርከብ ፍለጋ ያወርደዋል። ፓምፑ ላይ ያስቀመጠለት ማንን ነው? ሁለቱን ተመሳሳይ መርማሪ ፖሊሶች፣ ቶምሶንንና ቶምፕሶንን! በዚያ ተከታታይ ታሪክ ውስጥ የበሩን እጀታ እንኳ በቅጡ የማይዙት እነዚህ ሁለት ሰዎች የጀግናው ሳንባ ሆነው ተሾሙ። አንባቢው ገና አንዳች ሳይፈጠር ልቡ ይሰቀላል፤ ይሥቃልም። ሠዓሊው የጠላቂዎችን የቆየ ፍርሃት፣ ማለትም «ላይ ያለው ሰው ቢዘናጋስ?» የሚለውን፣ በሁለት ባለ ሪዝ ሞኞች መሰለው። ጥሩ ፓምፕ አሽከርካሪ ማለት የማይሰለች ሰው ነው፤ ካርቱን ውስጥ ደግሞ የማይሰለች ሰው የለም።

ከዚያ በፊት በ1935 የፍላይሸር ስቱዲዮ ፖፓይንና ተቀናቃኙን ብሉቶን የጠላቂ ልብስ አልብሶ ለሰመጠ ሀብት አሽቀዳድሟቸዋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ፍላይሸሮች ሁሉም ነገር እንደ ላስቲክ እንዲለጠጥ የሚወዱ ሠዓሊዎች ስለነበሩ ብረቱም መዳቡም በእጃቸው ይለሰልሳል። ሆኖም የቀልዱ መሠረት ዕቃው ራሱ ነው፦ ክብደቱ፣ ጎማው፣ መስኮቱ።

እስቲ ከቀልዶቹ ሁለቱን አንሥተን ከእውነቱ ጋር እናስተያያቸው።

አንደኛው ልብሱ በአየር ተነፍቶ ጠላቂው ድብልብል ሆኖ ወደ ላይ ሲተኮስ ነው። ካርቱኑ ውስጥ ከባሕሩ ወጥቶ ደመና ሊነካ ይደርሳል። ይህ በእውነት ይሆን ነበር። ጠላቂው የማስወጫ ቫልቩን በጊዜው ካልከፈተ ወይም ተደፍቶ አየሩ ወደ እግሩ ከሄደበት ልብሱ ይወጠራል፤ ክንዱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይደርቅና ቫልቩ ጋ መድረስ ያቅተዋል። ከዚያ መንሳፈፍ ይጀምራል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የውኃው ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ በቀነሰ ቁጥር አየሩ ይሰፋል፤ አየሩ በሰፋ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። መጨረሻው ከመርከቡ ሆድ ጋር መጋጨት፣ የሳንባ መቀደድ ወይም ሽባነት ሊሆን ይችላል። ከልብሱ እግር ጀርባ በገመድ የሚጠበቅበት ቦታ የተሠራው አየሩ ወደዚያ እንዳይሸሽ ለማድረግ ነበር። ሠዓሊው የሣለው ኳስ የሐኪም መዝገብ ላይ ስም ያለው አደጋ ነው።

ሁለተኛው ጎማው ሲቆረጥ ነው። ካርቱኑ ላይ ባለ ሰይፍ አፍንጫው ዓሣ መጥቶ ቀጭ ያደርገዋል፤ ጠላቂው ጉንጩን ነፍቶ እጁን ያወናጭፋል፤ ቀጥሎ ባለው ትዕይንት ደኅና ነው። እውነቱን ስናገር ግን ድምፄን ዝቅ ማድረግ አለብኝ። በጥልቅ ውኃ ውስጥ ጎማው ቢበጠስና አየሩ ወደ ላይ እንዳይሸሽ የሚከለክለው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ባይሠራ፣ በልብሱ ውስጥ ያለው አየር በጎማው ይመዘዝና የባሕሩ ክብደት የሰውየውን ገላ ወደ ብረቱ ራስ ቁር ይገፋዋል። ልብሱ ይጨመቃል፤ ራስ ቁሩ አይጨመቅም። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም። ያ ትንሽ ቫልቭ በልብሱ ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የከበረ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድም ካርቱን ላይ ተሥሎ አላየሁትም።

ሠዓሊዎቹ ልብሱን የወደዱት ለቀልዱ ብቻ አይደለም። ለእጃቸውም ይመቻል። ክብ መሣል የማይችል ሠዓሊ የለም፤ ራስ ቁሩ ክብ ነው፣ መስኮቱም ክብ ነው። በመስኮቱ የሚታየው ፊት ደግሞ እንደ ፎቶ በፍሬም ተከቦ ይቀርባል፤ ፍርሃቱም ድንጋጤውም እዚያች ትንሽ ክብ ውስጥ ነው። አረፋው ሰውየው በሕይወት እንዳለ ይነግረናል፤ ሲቋረጥም እንሳቀቃለን። ጎማው ደግሞ ላይኛውንና ታችኛውን ትዕይንት የሚያያይዝ መስመር ነው፦ ዓይናችን እሱን ተከትሎ ከጠላቂው ወደ መርከቡ ይወጣል፤ እዚያ የተኛ ፓምፕ አሽከርካሪ ያገኛል። አንድ መስመር ብቻ ሥሎ ሁለት ዓለም ማገናኘት ለሠዓሊ ትልቅ ሀብት ነው።

ወደ ስኖርክሉ ስንመጣ ግን ካርቱኖቹን የምወቅስበት ነገር አለኝ። ስንት ጊዜ ነው ጀግናው ሸምበቆ ወይም ረጅም ቱቦ አፉ ላይ ሰክቶ ወንዝ ግርጌ ተኝቶ ያየነው? ቱቦው ሁለት ሜትርም ይሁን አምስት ሜትር ለሠዓሊው ልዩነት የለውም። ለሳንባ ግን ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ውኃው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገላችን ላይ 100 ግራም ያህል ይጫናል። ይህ በደረት ስፋት ሲባዛ አንድ ኩንታል ይጠጋል። በቱቦው የሚመጣው አየር ደግሞ ከላይ ካለው ግፊት ጋር እኩል ስለሆነ ያንን ኩንታል ገፍቶ ደረትን አያነሣም። ኩንታል ደረታችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ተኝታችሁ ለመተንፈስ ብትሞክሩ ማንም አይፈቅድላችሁም። በዚያ ላይ ቱቦው በረዘመ ቁጥር ያወጣነውን የተቃጠለ አየር መልሰን እንስበዋለን። የተለመደው ስኖርክል ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። የራስ ቁሩ ጎማ ረጅም መሆን የቻለው ፓምፑ አየሩን ከውኃው ግፊት ጋር አስተካክሎ ስለሚያወርደው ነው። የፓምፑ ሰው እዚህም ዋጋው ይታያል።

በ1950ዎቹ ገበያ ላይ የወጡ ማስኮች ዛሬ ስናያቸው እነሱ ራሳቸው ካርቱን ይመስላሉ። ከማስኩ ራስ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቱቦ እንደ ቀንድ ይበቅላል፤ ቱቦው ጫፍ ላይ ትንሽ ጎጆ አለች፤ ጎጆዋ ውስጥ የፒንግፖንግ ኳስ ታስራለች። ዋናተኛው ሲጠልቅ ኳሷ ተንሳፍፋ የቱቦውን አፍ ትዘጋለች፣ ሲወጣ ትወርድና ትከፍታለች። ሐሳቡ ያምራል። በተግባር ግን ኳሷ ትነቀላለች ወይም በማዕበሉ መሃል በደንብ አትገጥምም፤ ማስኩ ውኃ ከሞላ ደግሞ ቱቦው ከእርሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አፍና አፍንጫ አብረው ይያዛሉ። ባለሙያዎች ከዚያ ዕቃ የሸሹት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው። ሠዓሊዎች ግን ወደዱት። ከውኃው በላይ ብቅ ያለች ቱቦና ኳስ ስትታይ ከታች ሰው እንዳለ ይታወቃል፤ ሌላ ገጸ ባሕርይ መጥቶ ቱቦዋን በጣቱ ሲደፍናት ደግሞ ቀልዱ ያለቀለት ነው። በአሮጌ ዕቃ መሸጫ እንዲህ ያለ ማስክ ብታገኙ ግዙት፣ ግድግዳችሁ ላይ ስቀሉት፤ ይዛችሁት ውኃ አትግቡ።

ፒንግፖንግ ኳስን ካነሣሁ አይቀር ከሁሉም የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። ካርል ባርክስ የተባለው የዶናልድ ዳክ ሠዓሊ በ1949 ባወጣው አንድ ታሪክ ዶናልድና ሦስቱ የእህቱ ልጆች የሰመጠ ጀልባ ያወጣሉ። ጀልባው የአጎታቸው የስክሩጅ ነው፤ የሚያወጡት ደግሞ በቱቦ ወደ ሆዱ የፒንግፖንግ ኳሶች በመሙላት ነው። ኳሶቹ የያዙት አየር ውኃውን ገፍቶ ያስወጣል፤ ጀልባው ብድግ ይላል። (በተፈጥሯቸው መጥለቅ የሚችሉ ዳክዬዎች ይህን ያህል መሣሪያ ለምን አስፈለጋቸው? ይህን ባርክስን መጠየቅ ነበረብን።)

አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1964፣ አል ኩዌት የተባለች መርከብ ከ5000 በላይ በጎች ጭና ኩዌት ወደብ ውስጥ ሰመጠች። ከተማዋ የመጠጥ ውኃዋን ከዚያው ባሕር እያጣራች የምታገኝ በመሆኗ የበጎቹ ሬሳ ውኃውን ይበክለዋል የሚል ሥጋት ተነሣ። ዴንማርካዊው መሐንዲስ ካርል ክሮየር መጥቶ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን የፖሊስታይሪን ኳሶች፣ ለዕቃ ማሸጊያ ከምናየው ነጭ ፎም በተሠሩ፣ የመርከቧን ሆድ በቱቦ ሞልቶ አነሣት። ከዚያ በኋላ አንድ ወሬ ተሠራጨ፦ ክሮየር ለዘዴው የባለቤትነት መብት ሲጠይቅ «ዶናልድ ዳክ ቀድሞሃል» ተብሎ ተከለከለ ይባላል። ወሬው ጣፋጭ ነው፤ ብዙ የሕግ አስተማሪም ክፍል ውስጥ ይተርከዋል። ሆኖም ብሪታንያም ጀርመንም መብቱን ሰጥተውታል፤ በዳክዬው ምክንያት መከልከሉን የሚያረጋግጥ ሰነድ ያቀረበ የለም። እኔ በበኩሌ ወሬው እውነት ባይሆንም መታመኑ ራሱ ይገርመኛል። የባርክስ ፊዚክስ የሚሠራ ባይሆን ኖሮ ማንም አይቀበለውም ነበር።

ያው ፊዚክስ ወደ እኛ አካባቢም መጥቷል። በ1941 ጣሊያኖች ከምሥራቅ አፍሪካ ሲባረሩ ምጽዋን ከመልቀቃቸው በፊት መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቻቸውን እዚያው ወደቡ ውስጥ አሰመጧቸው። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ጥቂት ጠላቂዎችና ያልተሟላ መሣሪያ ይዞ መጣ። የምጽዋን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ብረቱ ላይ እጅ አይቆይም። ኤልስበርግ ትልቁን የመርከብ መጠገኛ ያነሣው ሆዱ በፈንጂ ቢበሳሳም የላይኛውን ክፍል ደፍኖ የታመቀ አየር ወደ ውስጥ በመልቀቅ ነው። አየሩ ውኃውን በታችኛው ቀዳዳ ገፍቶ አስወጣው። ዳክዬዎቹ በኳስ ያደረጉትን እሱ ያለ ኳስ አደረገው፤ ያውም ሰባት ዓመት ቀድሟቸው። «በቀይ ባሕር ፀሐይ ሥር» የሚል ርእስ የሰጠው መጽሐፉ በ1946 ታትሟል።

እንግዲህ ቲንቲን በጋዜጣ ገጽ ላይ የመዳብ ራስ ቁር አጥልቆ በወረደበት በዚያው በ1943 ፈረንሣይ ውስጥ የራስ ቁሩን ዘመን የሚያበቃ ሥራ እየተሠራ ነበር። የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን አኳ ላንግ የተባለውን መሣሪያ ፈተኑ። ጋኛን የሚሠራው ኤር ሊኪድ በተባለ የጋዝ ኩባንያ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ቤንዚን ስለጠፋ መኪናዎች በጋዝ እንዲሄዱ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር፤ ያንን ቫልቭ ለሰው ሳንባ አመቻቹት። ጠላቂው ሲስብ ብቻ፣ ካለበት ጥልቀት ጋር የተስተካከለ አየር ይሰጠዋል። ሲሊንደሩ ጀርባው ላይ ነው። ጎማ ወደ ላይ የለም፤ ገመድ የለም፤ ፓምፕ የለም። እግሩ ላይ ደግሞ እርሳሱ ቀርቶ ፈረንሣዊው ሉዊ ደ ኮርሊዩ በ1933 መብቱን ያስመዘገበው፣ አሜሪካዊው ኦወን ቸርችል ከ1940 ጀምሮ እያመረተ የሸጠው የጎማ መቅዘፊያ ገባ። ሲራመድ የነበረው ሰው መብረር ጀመረ።

የሥዕል ታሪኮቹ ለውጡን ለመቀበል ብዙ አልዘገዩም። በቤልጅግ አንድሬ ፍራንኬን ከ1954 ጀምሮ ስፒሩ የተባለውን የሥዕል ታሪክ ጀግና በአዲሱ መሣሪያ ባሕር ውስጥ አዋኘው። ኤርዤም በ1958 በመጽሐፍ በወጣው፣ ቀይ ባሕርን መድረኩ ባደረገው ታሪኩ ከውኃ በታች በድብቅ የሚዋኝ የጠላት ሰው ሣለ። ሰውየው የቲንቲን መርከብ ሆድ ላይ ፈንጂ ሊለጥፍ ሲል ከላይ የተለቀቀ መልሕቅ አናቱን ይለዋል። አስተውሉ፦ መልሕቁን የለቀቀው ሰው ከታች ሰው መኖሩን አያውቅም። በ1943 ታሪክ ውስጥ ላይና ታች በጎማ ተሣስረው ነበር፤ በ1958 ታሪክ ላይና ታች የማይተዋወቁ ጠላቶች ናቸው። ቀልዱ ያስቃል፤ ግን ሌላ ዓይነት ሳቅ ነው። ከአዲሱ መሣሪያ ጋር የፓምፑ ሰው ከሥራ ወጣ፣ ከሱ ጋርም አንድ ሙሉ የቀልድ ዘር ጠፋ። ባለ ሲሊንደሩ ጀግና ቆንጆ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ብቻውን ነው። ብቻውን የሆነ ሰው ደግሞ ለጀብዱ እንጂ ለቀልድ አይመችም። አሜሪካ ውስጥ ከ1958 እስከ 1961 በቴሌቪዥን የታየው «ሲ ሀንት» ላይ ሎይድ ብሪጅስ የሚጫወተው ጠላቂ ይህን ብቸኛ ጀግና በየሳሎኑ አስገባው።

የካርቱን ሠዓሊዎች አዲሱን መሣሪያ ሲሥሉ ደጋግመው የሚስቱት ነገር አረፋው ነው። በመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ሁለት ወፍራም ቱቦ ከአፍ ግራና ቀኝ ወደ ጀርባ ይዞራል፤ አንዱ ለመሳቢያ፣ ሌላው ለማስወጫ። ስለዚህ አረፋው የሚወጣው ከማጅራት በስተጀርባ ነው። በካርቱኖቹ ውስጥ ግን ሁለቱ ቱቦዎች በትክክል ተሥለው አረፋው ከአፍ ፊት ለፊት ሲፈላ ይታያል። አንባቢው እስትንፋስ ከአፍ እንዲወጣ ይጠብቃል፣ ሠዓሊውም አላሳዘነውም።

ታዲያ የመዳቡ ራስ ቁር ወዴት ሄደ? ወደ መናፍስት ሄደ። በመስከረም 1969 የታየው ስኩቢ ዱ የተባለው የቴሌቪዥን ካርቱን ሁለተኛ ክፍል ላይ የካፒቴን ከትለር መንፈስ ከባሕር ይወጣል፦ አሮጌ የጠላቂ ልብስ፣ በሚያበራ የባሕር ሣር የተሸፈነ፣ በከባድ እርምጃ የሚጎተት። የካርቱኑ ወጣት ጀግኖች ሊመረምሩ ሲወርዱ የሚለብሱት ሲሊንደሩንና ማስኩን ነው። አዲሱ መሣሪያ የሕያዋን፣ አሮጌው የሙታን ሆኗል። በ1935 ፖፓይ ለብሶት ያሳቀን ልብስ በ34 ዓመት ውስጥ ልጆችን ከሶፋ ጀርባ የሚያስደብቅ ጭራቅ ሆነ። አሠራሩን ስናስበው አይደንቅም፦ ፊቱ የማይታይ ሰው ያስፈራል። የድሮዎቹ ሠዓሊዎች መስኮቱን የዓይን መግቢያ አድርገውት ነበር፤ የስኩቢ ዱ ሠዓሊዎች አጨለሙት።

ካርቱኖቹ ፈጽሞ ያልደፈሩት አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ መጠበቅ። በጥልቀት የቆየ ጠላቂ ገላው ውስጥ ናይትሮጅን ይሟሟል። በፍጥነት ቢወጣ ጋዙ ደሙና ሕብረ ሕዋሱ ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያውን ያሠቃያል፣ አከርካሪው ጋ ከደረሰ ሽባ ያደርገዋል። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴንና ባልደረቦቹ በ1908 ያሳተሙት ሰንጠረዥ ጠላቂው ሲወጣ በየደረጃው ቆሞ እንዲጠብቅ አዘዘ። በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ምንም ሳይሠሩ ደቂቃ መቁጠር ማለት ነው። ይህን ማን ይሥለዋል? በሰባት ደቂቃ ፊልም ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ የሚጠብቅ ገጸ ባሕርይ ቦታ የለውም። ስለዚህ የካርቱን ጠላቂ ሁሉ ከባሕር ግርጌ እስከ መርከቡ በአንድ ዝላይ ይወጣል፤ ደኅናም ይሆናል።

በግሪክ ደሴቶች በሲሚና በካሊምኖስ ግን ደኅና አልሆኑም። ከ1860ዎቹ ጀምሮ የሲቤ ዓይነት ልብስ እዚያ ሲገባ ስፖንጅ ለቃሚዎች ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ ከሚደርሱበት በላይ ጠልቀው ለረጅም ሰዓት መሥራት ቻሉ። ገበያው ስፖንጅ ይፈልግ ነበር፤ ካፒቴኖቹም ይቸኩሉ ነበር። የሃልዴን ሰንጠረዥ ገና አልተሠራም፤ ከተሠራም በኋላ ደሴቶቹ ጋ ለመድረስ ቆይቷል። ብዙ ወጣቶች ሞቱ፣ ብዙዎች በከዘራ ቀሩ። ከነዚያ ደሴቶች የሄዱ ሰዎች በ1905 ያንኑ ልብስ ፍሎሪዳ ውስጥ ታርፖን ስፕሪንግስ ወደተባለችው ከተማ ወሰዱት፤ ከተማዋ እስካሁን በስፖንጅና በመዳብ ራስ ቁር ትታወቃለች።

አሁን በየቤታችሁ ልጆች የሚያዩትን ካርቱን አስቡ። በ1999 መታየት የጀመረውን ስፖንጅቦብን የፈጠረው ስቲቨን ሂለንበርግ ካርቱን ሠዓሊ ከመሆኑ በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ የባሕር ሕይወት አስተማሪ ነበር። ባሕር ግርጌ የምትኖረውን የየብስ እንስሳ፣ ሳንዲን፣ አየር የሞላበት ልብስና ክብ የመስታወት ራስ ቁር አለበሳት፤ ከድሮው ጠላቂ የቀረው ክቡ ብቻ ነው፣ ጎማም ፓምፕም የለውም። በአንደኛው ዓመት ክፍሎች በአንዱ ስፖንጅቦብ አየር ወደሞላው ቤቷ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፤ ደረቅ አየር ውስጥ ሊደርቅ ሲደርስ እሷ ውኃ የሞላ ጎድጓዳ መስታወት ራሱ ላይ ትደፋለታለች። ግሪኮቹ ራስ ቁር አጥልቀው ሲለቅሙት የኖሩት ስፖንጅ፣ እሱ ራሱ ራስ ቁር አጥልቆ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ሂለንበርግ ይህን አውቆ ያደረገው ይመስለኛል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።